ቦይለሩን ላውጣ ብዬ መሃል ላይ ቀረሁ

ሰላም፣ እባካችሁ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ የሆነ የቆየ ሕንፃ አለኝ። ቤቱን የሚያሞቀውን የጋዝ ቦይለር አውጥቼ ሂት ፓምፕ (በመብራት እየሠራ ከውጭ ሙቀት ስቦ ቤት የሚያሞቅ ማሽን) ላስገባ ነው። ችግሩ በየክፍሉ ያሉት ራዲያተሮች (ሙቅ ውሃ እየዞረባቸው ክፍሉን የሚያሞቁት) የተገጠሙት ለ70 ዲግሪ ውሃ ነው፤ ፓምፑ ደግሞ መብራት የሚቆጥበው ውሃው ለብ ሲል ነው። ለሙከራ ቦይለሩን 55 ላይ አደረግኩት። ብዙው ክፍል ምንም አልሆነም። የላይኛው ፎቅ የጥግ ክፍል ግን 16 ዲግሪ ላይ ቀረ። ተከራይዋ ጃኬት ለብሳ በሩን ስትከፍትልኝ አፈርኩ።

አንዱ ባለሙያ «ራዲያተሩን በሙሉ ቀይር» ይላል፤ ሌላው «መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ሙቀት እንዳይወጣ የሚይዝ መከላከያ አስገባ»። ለሁለቱም ባንዴ አቅሙ የለኝም። የገጠማችሁ ካላችሁ፣ የዚያን ክፍል ራዲያተር ብቻ በትልቅ ብቀይር ያዋጣል? ጣሪያው በኋላ ቢሠራና ቤቱ የሚፈልገው ሙቀት ቢቀንስ፣ አሁን የምገዛው ፓምፕ ከልክ በላይ ትልቅ ሆኖ አይቀርም?