ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራ ተመደብኩ፤ የሐጋይን ሙቀት እንዴት እንቻለው?

ሰርቬየሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐጋይ በሚባለው የአፋር ሞቃት ወቅት፣ ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ፣ ሰመራ አካባቢ በመንገድ ፕሮጀክት ላይ በሰርቬየርነት ተመድቤያለሁ። ባለቤቴና የ5 ወር ልጃችንም አብረውኝ ይወርዳሉ ብለን አስበናል። ሰመራ አጠገብ ባለችው ሎጊያ ያገኘነው ቤት ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስም ኤሲም የለውም። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ “ውሃ ጠጣ” ብሎ ያልፈኛል። እኔ የምፈልገው ዝርዝሩን ነው። ምን ያህል ውሃ? ፀሐይ ላይ ስንት ሰዓት? ቤቱን ምን ላድርገው? ኤሲ ብገዛ የትኛውን? በራሴ መኪና ስለምወርድ ስለሱም የምታውቁትን ንገሩኝ።

ጤና መኮንን ከአፋር፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አስብባቸው። ከደጋ ወርዶ ሙቀት የሚጥለው ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሰመራ ግን 430 ሜትር ገደማ ነው። ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ላብ ቀደም ብሎና በብዛት መውጣት ይጀምራል፣ አብሮት የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ ልብም ጫናው ይቀልለታል። ስለዚህ ከአለቃህ ጋር አስቀድመህ ተነጋገር። የመጀመሪያ ቀን ከሙሉው የፀሐይ ሥራ አንድ አምስተኛውን ብቻ ሥራ፣ በየቀኑ ያንኑ ያህል ጨምር፣ በ5ኛው ቀን ሙሉ ይሆናል። ለእረፍት ወጥተህ ከሳምንት በላይ ደጋ ከቆየህ ልምዱ መሳሳት ስለሚጀምር ስትመለስም በዝግታ ግባበት።

የመስክ ሥራህን ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ጨርስ። ቀኑ እጅግ የሚከፋው እኩለ ቀን ላይ ሳይሆን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ለአንተ ሥራ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ፤ ከጋለው መሬት የሚነሳው የአየር መንቀጥቀጥ የመሣሪያህን ንባብ ያበላሽብሃል። ስሌቱንና ንድፉን ለከሰዓት ቢሮ አቆየው።

ውሃን በተመለከተ፣ ፀሐይ ላይ ስትሠራ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ሩብ ሊትር ገደማ፣ ጠጣ። በሰዓት ከሦስት ሩብ እስከ አንድ ሊትር ይመጣል። እስኪጠማህ አትጠብቅ፤ ግን በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል አትለፍ። ውሃ ብቻውን ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥንና ራስ ምታት፣ ማስታወክና ግራ መጋባት ያመጣል። ይህን ሰው “ውሃ አነሰው” ብለው ሲጨምሩለት ይብስበታል። ሽንትህ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነህ፤ ከጠቆረ አንሶሃል።

በቀን ሦስቴ የምትበላ ከሆነ አብዛኛውን ጨው ከወጡ ታገኛለህ። ለረጅም ሰዓት በላብ ስትዘፈቅ ግን አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ንጥረ ነገር ዱቄት) በ1 ሊትር ውሃ በጥብጥ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ ያልተቆለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምር። ስትቀምሰው ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለህ ድፋውና እንደገና ሥራው። ጫት የረሃብና የድካም ስሜትን ያጠፋል፣ የሰውነትንም ሙቀት ይጨምራል፤ ለሙቀት ከዚያ የከፋ ጓደኛ የለም። ለደም ግፊት ውሃ የሚያስወጣ ኪኒን፣ ወይም የአለርጂ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ከመውረድህ በፊት ሐኪምህን አማክር።

አሁን ዋናው። ብዙ የሚያልበው፣ ራሱን የሚያዞረውና የሚያቅለሸልሸው፣ ግን በደንብ የሚያናግርህ ሰው ጥላ፣ ውሃና እረፍት ይበቃዋል። ንግግሩ የተኮላተፈ፣ የሚቀባዥር፣ የሚንገዳገድ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን፣ ላብ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ እንዳለፈ ቁጠረው። መኪና እስኪመጣ አትጠብቁ። ጥላ ሥር አስተኙት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ከራስ እስከ እግሩ ውሃ እያፈሰሳችሁ ሳታቋርጡ በካርቶን አራግቡ። በረዶ ከተገኘ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መጫን። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም። ፓራሲታሞልም ለዚህ አይሠራም። አንድ በርሜል ውሃ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ሳይቱ ላይ ይቀመጥ።

ትኩሳት ማታም ካልለቀቀህ “ሙቀቱ ነው” ብለህ አትተወው፤ አካባቢው ወባም ደንጊም (ትንኝ የምታስተላልፈው ሌላ የትኩሳት በሽታ) አለበት። በዚያው ቀን ተመርመር፤ ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስም ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን አትውሰድ፤ ደም ያፈስሳሉ።

ኤሲ ገጣሚ፦
ቤቱን በተመለከተ ገንዘብህን በቅደም ተከተል አውጣ፤ ኮርኒስ ሳይሠራ ኤሲ መግዛት ብር ማቃጠል ነው። የጋለ ቆርቆሮ ሙቀቱን በቀጥታ አናትህ ላይ ይለቅቀዋል። ኮርኒሱን ስታሠራ ከቆርቆሮው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፣ በሁለቱም ጫፍ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ይተውለት፣ ወፍ እንዳይገባም በወንፊት ይሸፈን። ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀለም አስቀባው፤ የፀሐዩን ብዙ ክፍል ይመልሳል። ብሎኬት ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ነው የሚተፋው። ስለዚህ የምዕራቡን ግድግዳ በዳስ ወይም በሸራ አጥላው፤ ሸራው ግድግዳው ላይ አይለጠፍ፣ ግማሽ ሜትር ይራቅ።

ኤሲ ስትገዛ ከቤት ውጪ የሚሰቀለው የኤሲው ክፍል ጎን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ። “ቲ1” (T1) የሚለው እስከ 43 ዲግሪ ብቻ እንዲሠራ የተሠራ ነው፤ ሰመራ በሐጋይ ከዚያ ያልፋል፣ በጣም በምትፈልገው ሰዓት ይቆምብሃል። “ቲ3” (T3) የሚለው እስከ 52 ይሠራል። ለ4 በ4 ክፍል በተለመደው ስሌት 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ይበቃል ይሉሃል፤ ቆርቆሮ ሥር ግን 18,000 ውሰድ። ከመብራት ማከፋፈያ ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ 4 ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ከሶኬት ማከፋፈያ ጋር ያያዙት ብዙ ጊዜ ሶኬቱ ይቀልጣል። የውጪውን ክፍል ጥላ ባለበት ጎን ስቀለው፤ ከጀርባው አየር የሚስብበት ክፍተት ይኑረው፣ ፊቱም አይዘጋ።

የኤሲውን ሞተር፣ ማለትም ኮምፕረሰሩን፣ የሚያቃጥለው በብዛት ሙቀቱ ሳይሆን የቮልቴጅ መውረድ ነው። ከ220 በጣም ሲወርድ ሞተሩ ለመነሳት እያጓራ ይግላል፣ የሽቦ ጥቅሉም ይቃጠላል። ማዘግያ ያለው 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ስታቢላይዘር (የቮልቴጅ ማስተካከያ) አስገባ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቢያንስ 3 ደቂቃ ቆይቶ ይነሳ። 18 ዲግሪ ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም። 26 ላይ አድርገህ ቬንትሌተር ጨምርበት። የአቧራ አገር ስለሆነ ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ እጠበው።

ኤሲ ካልሆነልህ የሰመራ አየር ደረቅ መሆኑን ተጠቀምበት። በውሃ የሚያቀዘቅዘው ኩለር እዚያ ይሠራል፤ አየሩ የሚወጣበት መስኮት ግን ይከፈትለት፣ ተዘግቶ ከሠራ ክፍሉን ያወርዛል። ይኸው ዕቃ ጅቡቲ ወስደህ ብታበራው እርጥበቱ ስለሚበዛ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ቬንትሌተር ብቻ ካለህ ገላህን አርጥበህ ተቀመጥ፤ አየሩ ከ40 ካለፈ ደረቅ ገላ ላይ ሙቀት ነው የሚጨምርልህ።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር፦
መንገዱ 600 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ግን በአንድ ቀን አትግፋው። አዋሽ እደር፣ ከዚያ እስከ ሚሌና ሰመራ ያለውን በንጋት ጨርሰው።

ጎማ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ንፋስ ስለበዛ ሳይሆን ስላነሰ ነው፤ ያነሰው ጎማ እየተጣጠፈ ውስጡ ይግላል። ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለካ፣ በሾፌሩ በር ጎን ከተጻፈው አታሳንስ። መንገድ ላይ ሲግል ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ያኔ አታስተንፍሰው። ጎኑ ላይ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2318 ማለት በ2018 እንደ ፈረንጆቹ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያረጀ ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ለዚህ መንገድ አይሆንም።

ራዲያተር ውስጥ ንጹሕ ውሃ ብቻ አትጨምር፤ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲሆን የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ለውጠው፤ ግፊት ካልያዘ ያለጊዜው ይፈላል። የሙቀት መርፌው ሲነሳ ኤሲውን አጥፋ፣ የማሞቂያውን አየር በሙሉ ክፈት፣ ካልወረደ ቁም። ክዳኑን ሲግል አትንካ። የምትጠጣው 20 ሊትር ጀሪካን ከራዲያተሩ ውሃ ይለይ። ላይተር፣ ሽቶና ፓወር ባንክ ዳሽቦርድ ላይ አትተው። ሕፃኑን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ሰርቬየሩ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። አንድ ነገር ቀረኝ፤ መብራት ሌሊት ከጠፋ ከሕፃን ጋር ምን እናድርግ? ውጪ መተኛት ይቻላል?

እናት ከሎጊያ፦
ወንድሜ፣ ከተቻለ ባለቤትህና ልጁ አሁን አይውረዱ። አንተ ቀድመህ ቤቱን አዘጋጅ፣ እነሱ መስከረም ካለፈ በኋላ ይምጡ። የግድ ከሆነ ግን ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥቶ መተኛት የአገሩ ልማድ ነው፤ ሁሌም በአጎበር። ሕፃኑን አትጠቅልሉት፣ ፊቱንም በነጠላ አትሸፍኑት፣ አየር ያጣል። በለብታ ውሃ የራሰ ጨርቅ ገላውን ማስነካት ይበቃል፤ በረዶ አይሆንም። በ5 ወሩ ውሃ አይሰጠውም፣ ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ፤ እናቱ ናት ብዙ መጠጣት ያለባት። በቀንና በሌሊት ከ6 ያነሰ ዳይፐር ካረጠበ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ወይም ሲያለቅስ እንባ ከሌለው ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቫዝሊን አትቀቡት፣ የላቡን ቀዳዳ ይዘጋና ሽፍታውን ያብሰዋል።

የሮቶው ውሃ ከሰዓት በኋላ ገላ ያቃጥላል፤ የማታውን መታጠቢያ ጠዋት በባልዲ ቅዱና ቤት ውስጥ አስቀምጡ። የመጠጡን ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ አኑሩት፣ ጆንያው በደረቀ ቁጥር አርጥቡት። ሊጥ በአንድ ቀን ይኮመጥጣል፣ በትንሽ በትንሹ ቡኩ። የተሠራ ወጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይ። ሮቶውና በርሜሉ ሁሉ ክዳናቸው ይገጠም፤ ደንጊ የምታመጣው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያው የቤት ውሃ ላይ ነው፤ ክዳን የሌለውን በየሳምንቱ ደፍታችሁ ጎኑን በብሩሽ ፈትጉት።