«ትርፍ ሰዓት በአበሉ ተካቷል» የሚል ውል ፈርሜያለሁ፤ ገንዘቤ ቀረ ማለት ነው?

የቃሊቲው
ወገኖቼ፣ የምታውቁ እርዱኝ። አንድ አስመጪ ድርጅት መጋዘን ውስጥ እስቶር ኪፐር ነኝ፤ ከገባሁ 17 ወር ሆነኝ። ደመወዜ 6,240 ብር፣ ትራንስፖርት 1,500፣ «የትርፍ ሰዓት አበል» 800። መውጫዬ 11፡30 ነው፤ ግን የጅቡቲ መኪና አመሻሽ ላይ ስለሚገባ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እስከ ምሽቱ 1፡30 ሳራግፍ እቆያለሁ። ቆይ የሚለኝ አለቃዬ ነው። ባለፈው ወር ጥምቀትን ሙሉ ቀን ሠራሁ፤ ልጄ ነጭ ለብሳ ከእናቷ ጋር ስትወጣ አብሬያት አልነበርኩም። ስጠይቃቸው «ፈርመሃል» አሉኝ። እውነት ነው፣ ፈርሜያለሁ።

የቀድሞዋ ኤች አር
ወንድሜ፣ ፊርማህ አያስርህም። ውሉ ከሕጉ ያነሰ ከሆነ የሚጸናው ሕጉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋት በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ደመወዝህን ለወሩ መደበኛ የሥራ ሰዓት፣ ለ208 ስታካፍለው በሰዓት 30 ብር ነው። ትራንስፖርቱን አትደምር፤ አበል እንደ ደመወዝ አይቆጠርም፣ ብዙ ሰው ስሌቱ የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው። በሳምንት 12 ሰዓት በወር 52 ይሆናል፤ በ45 ብር ሲሰላ 2,340። የሰጡህ 800! ጥምቀት ደግሞ ለብቻው ይታሰባል። ያዘዘህ አለቃህ መሆኑም ይጠቅምሃል፤ ሳይታዘዙ የቆዩበት ሰዓት አይታሰብም።

የሚያሳዝነኝ ግን ይርጋው፣ ማለትም የመጠየቂያው የጊዜ ገደብ ነው። የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይታገዳል። የመጀመሪያዎቹ 11 ወራት አልፈውሃል፤ አሁንም ወር በገባ ቁጥር አንድ ወር ይሄድብሃል።

ሾፌሩ
እኔን ደብዳቤ መጻፍ ነው የበላኝ። አራት ወር ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ተመላለስኩ። አንተ የምትጽፈው ደብዳቤ ይርጋ አያቋርጥም፤ ወይ እነሱ «አለብን» ብለው በጽሑፍ ይመኑልህ፣ ወይ ክስ ክፈት። ማስረጃ አለህ?

የቃሊቲው
ደብተር አለኝ። የየመኪናውን ታርጋና የወጣሁበትን ሰዓት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጽፌያለሁ። የገቢ ደረሰኞቹም ላይ የእኔና የሾፌሮቹ ፊርማ ከነሰዓቱ አለ።

የቀድሞዋ ኤች አር
ዛሬውኑ ሁሉንም ፎቶ አንሳ። የትርፍ ሰዓት መመዝገብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ መዝገባቸውን እንዲያቀርቡ ችሎቱን ጠይቅ።

የቃሊቲው
እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ። ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። አስራ አንዱ ወር ግን ያንገበግበኛል።