የእድር ገንዘብ የነካ ገጸ ባሕርይ እንዴት ይወደዳል?

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሲሆን፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከተማዋን ከመምታቱ በፊት በነበሩት ወራት ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ እየጻፍሁ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር መካኒክ ነው፤ ቀልድ አዋቂ፣ የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ በነጻ የሚጠግን። በምዕራፍ 3 ግን፣ በአደራ የያዘውን የእድር ገንዘብ ለጫት ዕዳው ያውለዋል፤ ረቂቁን ያነበቡልኝ 4 ሰዎችም ከዚያ ገጽ በኋላ ፊታቸውን አዞሩበት።

በመጀመሪያ የመከራ ልጅነት ጨመርሁለት፤ «ሰበብ ነው» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ቀጥሎ ለተራበ ውሻ ዳቦውን እንዲያካፍል አደረግሁ፤ ይህም የተለጠፈ መስሎ ታየ። ስርቆቱን ወደ ብድር ባለዝበው ደግሞ ታሪኩ ጉልበቱን አጣ፤ ምክንያቱም ከጎርፉ ማግስት ጎረቤቶቹ ሬሳ አስቀምጠው ባዶውን የእድር ሣጥን የሚከፍቱበት ትዕይንት የመጽሐፉ አከርካሪ ነው። ትረካው በሦስተኛ መደብ ሆኖ፣ ከእርሱ ዕይታ አይወጣም።

ጥፋቱን ሳላቀልለት አንባቢ እስከዚያ ማለዳ ድረስ አብሮት እንዲዘልቅ፣ ከስርቆቱ በፊት ባሉት 2 ምዕራፎች ውስጥ ምን ሲያደርግ ላሳየው?