ለአባቴ የአእምሮ ማሠልጠኛ ጨዋታ እንግዛላቸው? (ጥያቄና መልስ)

የመምህሩ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 69 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ ሰነባብተዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመርሳት ነገር አየሁባቸው። አንዴ የነገሩኝን መልሰው ይነግሩኛል፤ የነገርኳቸውን ደግሞ እንዳልሰሙ ይሆናሉ። ዳላስ የሚኖረው ወንድሜ ይህን ሲሰማ፣ በታብሌት የሚሠራ የአእምሮ ማሠልጠኛ ጨዋታ ካልገዛሁላቸው ብሎ ተነሥቷል። ክፍያው በየዓመቱ በዶላር ነው። ማስታወቂያው በቀን ጥቂት ደቂቃ መጫወት ማስታወስንና ማሰብን ያሻሽላል ይላል። እውነት ነው? ለወላጆቹ የሞከረ አለ? ገንዘቡ ለወንድሜ ቀላል አይደለም፤ እኔም አባቴን በከንቱ ተስፋ ማድከም አልፈልግም።

የሥነ ልቦና ምሩቅ

እህቴ፣ ገንዘቡ ሳይወጣ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ሰው በእነዚህ ጨዋታዎች እንደሚሻሻል ጥርጥር የለውም። ማወቅ ያለብን ግን የሚሻሻለው ምኑ እንደሆነ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 በአሜሪካ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። አንድ ተማሪ የሚነበቡለትን ቁጥሮች በቃሉ ይዞ መድገም ተለማመደ። ሲጀምር እንደ አብዛኛው ሰው 7 ያህል አሃዝ ነበር የሚይዘው። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከተለማመደ በኋላ ወደ 80 አሃዝ ደረሰ። ሯጭ ስለነበረ ቁጥሮቹን እንደ ሩጫ ሰዓት እየቆጠረ፣ በቡድን በቡድን እየከፈለ ይይዛቸው ነበር። በቁጥር ፈንታ ፊደላት ሲነበቡለት ግን ተመልሶ 6 ገደማ ላይ ቆመ። የዳበረው ቁጥር የሚይዝበት ዘዴ እንጂ የማስታወስ ችሎታው አልነበረም።

በ2010 ከቢቢሲ ጋር የተካሄደውና ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው ጥናትም ወደዚያው ያመራል። 11,430 ሰዎች ለ6 ሳምንታት በኮምፒውተር ሠለጠኑ። በተለማመዱት ጨዋታ ሁሉ ተሻሻሉ፤ ባልተለማመዱት ፈተና ላይ ግን፣ ከጨዋታው ጋር በጣም የሚቀራረብ ቢሆን እንኳ፣ ጥቅሙ አልተሻገረም።

ማስታወቂያውን በተመለከተ፣ ሉሞሲቲ የተባለውን ጨዋታ የሚሸጠው ኩባንያ በ2016 መጀመሪያ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ያቀረበበትን ክስ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ለመዝጋት ተስማምቷል። ክሱ ጨዋታው በሥራና በትምህርት ውጤታማ ያደርጋል፣ በዕድሜ የሚመጣውን የአእምሮ መዳከም ያዘገያል እያለ ያስተዋወቀው በቂ ማስረጃ ሳይኖረው ነው የሚል ነበር። ስለዚህ ወንድምሽ ያየው ማስታወቂያ የማንም ይሁን የማን፣ እንዲህ ያለ ቃል ሲገባ ማስረጃውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ነርስ ከሜሪላንድ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። የቢቢሲው ጥናት የያዘው ከ18 እስከ 60 ዓመት ያሉትን ነው። በአባትሽ ዕድሜ ያሉትን የተመለከተው ትልቁ ጥናት አክቲቭ ይባላል። 65 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ 2,832 አሜሪካውያን ተሳትፈውበታል። ተሳታፊዎቹ በአራት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን የማስታወስ፣ ሌላው የማመዛዘን፣ ሦስተኛው በፍጥነት አይቶ የመለየት ሥልጠና ወሰደ፤ አራተኛው ምንም አልሠለጠነም። መነሻው ሥልጠና 10 ክፍለ ጊዜ ያህል ነበር።

ከ10 ዓመት በኋላ የማመዛዘንና የፍጥነት ሠልጣኞች በሠለጠኑበት ነገር አሁንም ካልሠለጠኑት ይሻሉ ነበር። የማስታወስ ሥልጠናው ውጤት ግን በዚያን ጊዜ አልተገኘም። ይህን ልብ በዪው፤ ወንድምሽ ሊገዛ የፈለገው በዋናነት እሱን ነውና። በ2017 የወጣ ትንተና ደግሞ በፍጥነት ሥልጠናው ቡድን የመርሳት በሽታ የመከሰት ዕድል ካልሠለጠኑት በ29 በመቶ ያነሰ መሆኑን ዘግቧል። በሽታው የተለየው በመጠይቅና በፈተና ውጤት እንጂ በሐኪም ምርመራ ስላልነበረ፣ እኔ በዚህ ቁጥር ላይ ተደግፌ ለማንም ተስፋ አልሰጥም። ጭራሽ ዋጋ የለውም ለማለትም አልደፍርም።

ሥልጠናው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከፈለግሽ፣ በስክሪኑ መሃል መኪና ወይም የጭነት መኪና ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ በዚያው ቅጽበት ዳር ላይ ሌላ መኪና ይታያል። ሠልጣኙ መሃል ያየው የትኛው እንደነበረ፣ የዳሩም የት እንደታየ ይናገራል። እየቻለ ሲሄድ የሚታይበት ጊዜ ያጥራል።

ከጨዋታው በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የነገርኳቸውን እንዳልሰሙ ይሆናሉ ብለሻል። የቴሌቪዥን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ? ምን ምን መድኃኒትስ ይወስዳሉ?

ጡረተኛው

ልጄ፣ እኔ 73 ዓመቴ ነው። ስቶክሆልም ያለችው ልጄ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ልካልኝ እጫወታለሁ። ጠዋት ከቡና በኋላ ትንሽ እሞክራለሁ፤ ደስ ይለኛል። ጥናቱ ምንም ይበል፣ ሽማግሌ ደስ ብሎት የሚሠራው ነገር ማግኘቱ ቀላል አይደለም፤ ይህን ማንም አይንጠቀን።

የማልወደው ግን አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ ጨዋታ በመጨረሻ «የአእምሮህ ዕድሜ ይህን ያህል ነው» ብሎ ቁጥር ያወጣል። አንድ ወዳጄ ከዕድሜው በላይ ቁጥር ወጣለትና ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ያን ቁጥር የሚያወጣው ጨዋታውን የሠራው ሰው ያበጀው ስሌት እንጂ ሐኪም አይደለም። አባትሽ መምህር ነበሩ ብለሻል፤ መምህር ደግሞ ውጤት ሲወርድበት ያመዋል። ከገዛችሁ ውጤት የማይለጥፈውን ምረጡ።

ከሰፈሬ ሰዎች ጋር ዳማ የምጫወተውን ደግሞ በታብሌቱ አልለውጠውም። እዚያ ክርክር አለ፣ ወሬ አለ፣ የቀረ ሰው ካለ ቤቱ ሄዶ መጠየቅ አለ።

የመምህሩ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ፤ ስለ ውጤቱ ያሉትን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር።

ነርሷ፣ አዎ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርገው ስለሚያዩ ጎረቤት ሳይቀር ይሰማል። የስኳር ሕመም ስላለባቸው ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመታት ወስደዋል። ማታ ማታ ደግሞ ለመተኛት ይረዳኛል እያሉ፣ ከፋርማሲ የሚገዙትን እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ ኪኒን ይውጣሉ።

ነርስ ከሜሪላንድ

እንግዲህ የዓመቱን ክፍያ ለጊዜው አቆዪው። አሁን የነገርሽኝ ሦስቱም ነገር ምርመራ ይፈልጋል።

ያልሰሙትን ነገር ማስታወስ አይቻልም። መጀመሪያ ጆሯቸው ይታይ፤ አንዳንዴ የደነደነ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፣ ወጥቶ ያበቃል። የመስማት ችሎታቸው ከተዳከመም ሳይታከም መቅረት የለበትም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 ሊስተካከሉ ይችላሉ ብሎ ከዘረዘራቸው 14 የመርሳት በሽታ አጋላጭ ነገሮች አንዱ የመስማት መዳከም ነው። የደም ግፊትና የስኳር ሕመምም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ።

ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በሰውነት ያለውን የቫይታሚን ቢ12 መጠን ሊቀንስ ይችላል፤ የቢ12 እጥረት ደግሞ ያስረሳል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ሕክምናም አለው። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ምርመራም አብሮ ቢታዘዝ ጥሩ ነው። እንቅልፍ የሚያመጡት የቆዩት የአለርጂ ኪኒኖች በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ሐሳብ ያደበዝዛሉ፤ ለዚያ ዕድሜ እንደ እንቅልፍ መድኃኒት አይመከሩም። ሜትፎርሚኑን ግን ሐኪሙ ሳይል እንዳያቋርጡ።

የሥነ ልቦና ምሩቅ

ነርሷ ባለችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 ውጤቱ የወጣው ፊንገር የተባለ የፊንላንድ ጥናት ከ60 እስከ 77 ዓመት ያሉ 1,260 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። የአመጋገብ ምክር፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ሥልጠና፣ የደም ግፊትና የመሳሰለው ክትትል አንድ ላይ የተሰጣቸው ሰዎች አጠቃላይ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ በአእምሮ ፈተና ተሻሽለዋል። ጨዋታውም ከአራቱ አንዱ ሆኖ ገብቷል ማለት ነው፤ ብቻውን ግን አልነበረም። ወንድምሽ መላክ የሚፈልገውን ገንዘብ ለጆሮ ምርመራው ቢያደርገው ይሻላል እላለሁ። አባትሽ ጨዋታውን መሞከር ካማራቸው ብዙዎቹ ያለ ክፍያ የሚጫወቱት ክፍል አላቸው፤ ከወደዱት በኋላ ስለ ክፍያው ማሰብ ይቻላል።

የመምህሩ ልጅ (ጠያቂ)

ለወንድሜ አነበብኩለት፤ በምርመራው ተስማምቷል። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ምን ይዘን እንሂድ?

ነርስ ከሜሪላንድ

ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጭምር፣ በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። የረሱት ምን እንደነበረ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና እየባሰ መሄድ አለመሄዱን በወረቀት ጻፊው። ገንዘብ ሲቆጥሩ ይሳሳታሉ? የሚያውቁት መንገድ ጠፍቷቸው ያውቃል? ሐኪሙ መነጽራቸውን የት እንዳስቀመጡ ከመርሳታቸው ይልቅ ይህን ማወቅ ይፈልጋል። ሐዘን ወይም ብቸኝነት ካለባቸውም ንገሩት፤ የመንፈስ ጭንቀትም ያስረሳል። አባትሽ እዚያው ተቀምጠው ሳለ እንደሌሉ አድርገሽ አታውሪላቸው፤ መጀመሪያ እሳቸው ይናገሩ፣ አንቺ ከዚያ ትጨምሪያለሽ።

መዘንጋቱ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ከባሰ፣ ወይም አንደበታቸው ከተሳሰረ፣ ወይም አንድ ጎናቸው ከደከመ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።