ካልሲየም ክሎራይድ ላይ «ዳይ» የማይገባው ለምንድን ነው?

የሆጤዋ (ደሴ)፦
ሰላም ናችሁ? የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የውህዶች ስያሜ ላይ ግራ ገብቶኛል። 1 ካርቦንና 2 ኦክስጅን ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። 1 ካልሲየምና 2 ክሎሪን ሲሆን ግን «ዳይ» ብዬ ስጽፍ ኤክስ ይደረግብኛል። አይረን ላይ በቅንፍ የሚገባው የሮማን ቁጥርስ ከየት ይመጣል? 2 አይረን ካለ ሁለት አይደለም እንዴ?

ቦርከና፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የተጻፈው ኤለመንት ሜታል ነው ወይስ ኖንሜታል? መንገዱ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው።

ሜታል ከሆነ «ዳይ»፣ «ትራይ» የሚባል ነገር የለም። የሜታሉን ስም እንዳለ ጽፈሽ የኖንሜታሉን መጨረሻ ወደ «አይድ» ትቀይሪያለሽ፦ ክሎሪን ክሎራይድ፣ ሰልፈር ሰልፋይድ ይሆናል። የካልሲየም ቻርጅ (ኤሌክትሪካዊ ሙል) +2፣ የክሎራይድ −1 ስለሆነ፣ ድምሩ ዜሮ እንዲሆን ከ1 ለ2 ውጭ መገናኛ የላቸውም፤ ቁጥሩ ባይነገርም ይታወቃል። ካርቦንና ኦክስጅን ግን ሁለቱም ኖንሜታል ናቸው፤ ሁለት ዓይነት ጋዝ ይሠራሉ። ሞኖክሳይዱ (1 ኦክስጅን ያለው) በተዘጋ ቤት ከከሰል ወጥቶ ሰው የሚገድለው ነው፤ ዳይኦክሳይዱ ለስላሳ ውስጥ ያለው። ቁጥሩ ካልተጠራ በምን ይለያሉ?

አይረን ደግሞ +2 ወይም +3 ይሆናል። ቅንፍ ውስጥ የሚገባው ይህ ቻርጅ ነው እንጂ የአቶም ብዛት አይደለም። 2 አይረንና 3 ኦክስጅን ያለውን ውሰጂ። ከማይለወጠው ጀምሪ፦ ኦክሳይድ −2 ነው፣ በ3 ሲባዛ −6። ድምሩ ዜሮ እንዲሆን ሁለቱ አይረኖች +6 መያዝ አለባቸው፣ ለእያንዳንዳቸው +3። ስለዚህ አይረን (ሦስት) ኦክሳይድ ነው፣ ሦስቱ በሮማን ይጻፋል። ኮፐር፣ ሊድና ቲንም እንዲሁ ይሰላሉ። ዚንክ +2 ብቻ ስለሆነ ቅንፍ አይፈልግም።

ጦሳ፦
ቦርከና ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚያጣበትን ነው፦ ከፎርሙላው ላይ ቁጥሮቹን መልሶ አቀያይሮ (የአንዱን ብዛት የሌላው ቻርጅ አድርጎ) ቻርጅ ማውጣት። ከላይ ባለው አይረን ኦክሳይድ ላይ በአጋጣሚ ይሠራል፤ ሊድ ላይ ግን ይጥላል። የመኪና ባትሪ ፖዘቲቭ ሳህን ላይ ያለው ቡናማ ነገር 1 ሊድና 2 ኦክስጅን ነው። ቁጥሩን መልሰሽ ብታቀያይሪ ሊድ +2፣ ኦክስጅን −1 ይወጣል፤ ኦክሳይድ ደግሞ −2 ነው። በትክክል ሲሰላ 2 ኦክስጅን −4፣ ሊዱ +4፤ ስሙ ሊድ (አራት) ኦክሳይድ። ፎርሙላው ሲጻፍ 2 ለ4 የነበረው ወደ 1 ለ2 ስለተቃለለ ነው መልሶ ማቀያየር የሚያሳስተው።

ሌላው ቅንፍ መርሳት ነው። ግድግዳ የሚቀባው ኖራ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ሃይድሮክሳይዱ (1 ኦክስጅንና 1 ሃይድሮጅን አንድ ላይ) ሁለት ጊዜ ስለሚገባ ቅንፍ ውስጥ ሆኖ 2ቱ ከቅንፉ ውጭ ይጻፋል። ቅንፉ ከቀረ 2ቱ ሃይድሮጅኑን ብቻ ይነካል፣ አንድ ኦክስጅን ይጠፋል።

የሆጤዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! እንግዲህ 1 ኮፐርና 1 ኦክስጅን፦ ኦክሳይድ −2፣ ኮፐር +2። ኮፐር (ሁለት) ኦክሳይድ?

ቦርከና፦
ልክ ነሽ። አሁን 2 ኮፐርና 1 ኦክስጅን ያለውን ሞክሪ፤ መልሱ (አንድ) ካልወጣ ስሌቱን እዚህ ጻፊልን፣ የተሳሳተችውን መስመር እናያታለን።