ፖስትዶክን ምርምርም ማስተማርም የሚያሠለጥን ፕሮግራም እንዴት ይቀረጽ? (ደሴ)

የጦሳ ሥር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ የውሃ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ዲፓርትመንታችን ሁለት አዳዲስ ዶክተሮችን ለሁለት ዓመት በፖስትዶክ (ከዶክትሬት በኋላ በሚሠራ ጊዜያዊ የምርምር ሥልጠና) ሊይዝ አስቧል። ረቂቁን የምጽፈው እኔ ነኝ። መምህር በጎደለ ቁጥር ኮርሱ ሁሉ እነሱ ላይ እንዳይጫን እፈራለሁ። ማስተማሩን ጨርሰን ብናስቀረው ደግሞ ነገ ክፍል ሲገቡ ይቸገራሉ። ሁለቱንም የሚያሠለጥን አሠራር የምታውቁ፣ ሰዓቱ እንዴት ነው የሚከፈለው?

ቦርከና ማዶ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ከባዶ አትነሺም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት አይራክዳ የሚባል የፖስትዶክ ፕሮግራም በ1999 እ.ኤ.አ. ጀምረው ነበር። ክፍፍሉ 75 በመቶ ምርምር፣ 25 በመቶ ማስተማርና የሙያ ሥልጠና ነበር። እኔ የወደድኩት የቦታውን ነገር ነው። ፖስትዶኩ ምርምሩን የሚሠራው ትልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበር፤ ለማስተማር ግን ሌላ ኮሌጅ ይሄድ ነበር። ለምሳሌ አትላንታ ያለው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ከስፔልማንና ከሞርሃውስ ኮሌጆች ጋር ነበር የሚሠራው። አማካሪም ለላቡ አንድ፣ ለክፍሉ አንድ ይመደብ ነበር። የአሜሪካ ዜግነት ወይም ቋሚ ነዋሪነት ይጠይቅ ስለነበር ለእኛ ልጆች አይሆንም ነበር። አሠራሩን መቅዳት ግን ማን ይከለክለናል?

ሐረጎ፦
75 በመቶ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እኛ የለመድነው ግልባጩን ነው፤ 75 ማስተማር፣ 25 ምርምር። ያቺን 25 እንኳ ማን አያት? ስለዚህ በመቶኛውን ተይውና ቀን ጻፊ። "ማክሰኞ ብቻ ክፍል" በይ። የሌላ ሰው ኮርስ ተክተው እንደማይመደቡም ደብዳቤው ላይ ይግባ፣ ዲኑ ይፈርምበት። ላቡ ደሴ፣ ክፍሉ ኮምቦልቻ ከሆነ ደግሞ የማስተማሪያ ሰዓቱን አንድ ቀን ላይ ሰብስቡት። በመሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱና ሲወጡ ሳምንቱ ያልቃል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ "ኤችዲፒ (የመምህራን የማስተማር ዘዴ ሥልጠና) ወስደዋል፣ ይበቃል" የሚልሽ አይጠፋም። ይውሰዱት፣ ጥሩ ነው። ማስተማር ግን ሰው እያየሽ ካልሆነ አይለመድም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ነባር መምህር ክፍል ገብተው ይመልከቱ። በሁለተኛው ጥቂት ርዕሶችን ያስተምሩ፣ መምህሩ ኋላ ቁጭ ብሎ ያስተውል። በሦስተኛው አንድ ኮርስ ለብቻቸው። ከዚያ በላይ አትስጧቸው። ፈተና ማውጣትንም አሠልጥኗቸው። ስንቱ ዶክተር ነው ሽምደዳ ብቻ የሚፈትነው!

የጦሳ ሥር (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ችግሩ ኬሚካሉም መሣሪያውም ውስን ነው። ምርምሩና ኮርሱ ለየብቻ ከሆኑ አንችለውም።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ታዲያ አንድ አድርጓቸዋ! ሌዮሌና ወርቃ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው ቦርከና ይገባሉ። የላብ ኮርሱ እዚያው ይሠራ። ተማሪዎች ከፍሳሹ መግቢያ በላይና በታች ናሙና ይቅዱ። ፒኤች (የአሲድነት መጠን)፣ ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ) እና የሟሟ ኦክስጅን በእጅ በሚያዙ መሣሪያዎች ይለካሉ። ኦክስጅኑን ግን ወንዙ ዳር ለኩት፤ ደሴ ድረስ ተሸክማችሁት ብትመጡ ቁጥሩ ይቀየራል። ከባድ ብረቶቹን ፖስትዶኩ ራሱ ይያዝ።

ዳታው ለጽሑፍ እንዲበቃ ከፈለጋችሁ እያንዳንዱን ነጥብ ሦስት ጊዜ መለካት ግዴታ ይሁን። አመዘጋገቡም ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ይሁን። በጋና ክረምትን አወዳድሩ፤ ዝናብ ሲመጣ ፍሳሹ ይቀጥናል፣ ከማሳ የሚታጠበው ደግሞ ይጨመራል። ይህ ብቻውን ጥሩ የምርምር ጥያቄ ነው።

ቦርከና ማዶ፦
ስለ መሣሪያ ካነሳሽ አይቀር፣ ከሁለቱ አንዷ ሴት ከሆነች ኦደብሊውኤስዲን (በታዳጊ አገራት ያሉ ሴት ሳይንቲስቶችን የሚደግፍ ድርጅት) ተመልከቱ፤ ጽሕፈት ቤቱ ጣሊያን፣ ትሪየስት ነው። ዶክትሬት ይዘው አገራቸው ለሚሠሩ ሴቶች እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የምርምር ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። ሥራዋን ሳትለቅ እዚሁ ሆና ነው።

የጦሳ ሥር (ጠያቂ)፦
ማሻአላህ፣ ረቂቁ ነፍስ ዘራ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ኋላ ቁጭ ብሎ ለሚያየው መምህር ክፍያ እናስብለት?

ጡረተኛው መምህር፦
ከራሱ የማስተማር ጭነት ቀንሱለት። ብሩ እስኪፈቀድ ልጆቹ ጨርሰው ይሄዳሉ።