ጥያቄ፦ «ፕላውደን» የሚለው የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም ከየት ነው? የት የትስ ይገኛል?

ሰሎሜ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ስለነበረው የእንግሊዝ ቆንስል፣ ስለ ዋልተር ፕላውደን፣ አጭር ጽሑፍ እያሰናዳሁ ነው። የሰውየው ታሪክ አልቸገረኝም። ከእንግሊዛዊው ተጓዥ ከጆን ቤል ጋር በ1843 መምጣቱን፣ በ1848 ቆንስል መሾሙን፣ በ1849 ከራስ አሊ ጋር ውል መፈራረሙን፣ በ1860 ጎንደር አጠገብ በዐመፀኛው በጋረድ ሰዎች ቆስሎ መሞቱን ይዣለሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያስቸገረኝ ስሙ ነው፦

1. ትርጉሙ «የማረሻ ሸለቆ» ነው የሚል አየሁ። እውነት ነው?
2. የስሙ አገር የት ነው? በ1881 ቆጠራ ለንደን ላይ የተመዘገበውን ሁሉ የለንደን ሰው ብዬ ልቁጠር? ስሙን ብቻ ስፈልግ ደግሞ አሜሪካ ይሞላብኛል።
3. የዋልተርን ክርስትና በእንግሊዝ የደብር መዝገቦች ፈልጌ አጣሁ። ምን አጠፋሁ?

መዝገቡ

ሰሎሜ፣ ከማረሻው እንነሳ። ስህተት ነው፤ ግን ምክንያት ያለው ስህተት ነው። ስሙ ዛሬ ሲነበብ እንግሊዞች ማረሻን ከሚጠሩበት ቃል ጋር አንድ ድምፅ አለው፤ «ፕላው» ነው የሚሉት። መነሻው ግን በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ፕሌጋ» ማለትም ጨዋታ፣ እና «ዴኑ» ማለትም ሸለቆ ነው። ሰው ተሰብስቦ የሚጫወትበት፣ የሚታገልበት ሸለቆ ማለት ነው፤ በእኛ አገር «የገና ሜዳ» እንደሚባለው ያለ።

ቦታው ዛሬም አለ። ሽሮፕሽር በሚባለው የእንግሊዝ ካውንቲ (አውራጃ) ውስጥ፣ ከዌልስ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ በሊድበሪ ኖርዝ ደብር ሥር ያለች ትንሽ መንደር ናት። በካርታ ላይ ቢሾፕስ ካስልንና ክሬቨን አርምስን አግኚና በመካከላቸው ኦኒ የሚባለውን ወንዝ ተከተዪ፤ ሎንግ ሚንድ የተባለው ተራራ በደቡብ ጫፉ ሲያበቃ እዚያው ናት። ቤተሰቡ ስሙን ከቦታው ወሰደ እንጂ ቦታው ከቤተሰቡ አልወሰደም።

አንድ ማሳሳቻ አለ። ሳሴክስ ውስጥ ራይ ከተማ አጠገብ ፕሌደን የምትባል ሌላ መንደር አለች። የመጀመሪያው ቃል ያው ጨዋታ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሸለቆ ሳይሆን የጫካ ግጦሽ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ የመጣ «ፕሌደን» ካጋጠመሽ በግድ ወደ ሽሮፕሽር አትጎትቺው።

የታወቁትን በተመለከተ፣ የቤተሰቡ ትውፊት ሮጀር የሚባል አባት በ1191 በመስቀል ጦርነት በአክራ ከበባ ላይ እንደነበረ ይናገራል። ትውፊት ብለሽ ጻፊው። እግርሽን አጥብቀሽ የምትቆሚበት ሰው የሕግ ሊቁ ኤድመንድ ፕላውደን ነው፤ 1518 ተወልዶ 1585 ሞተ፣ ለንደን ውስጥ ሚድል ቴምፕል የሚባለውን የጠበቆች ማኅበር ትልቅ አዳራሽ ሥራ በኃላፊነት የመራው እሱ ነው። በካቶሊክ እምነቱ ጸንቶ ኖረ። ይህችን ያዢያት፤ ለሦስተኛው ጥያቄሽ ታስፈልግሻለች።

አስላው

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰድ። የ1881 ቆጠራ (ሌሊቱ ሚያዝያ 3 ነበር፣ በፈረንጅ) ለስም ስርጭት ምርጡ መነሻ ነው፤ ሙሉው ተገልብጦ ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። አካሄዱ እንዲህ ነው።

መለያ ከፍተሽ የ1881ን የእንግሊዝና ዌልስ ቆጠራ ለብቻው ምረጪ። ሁሉንም መዝገብ በአንዴ ከፈለግሽ ነው አሜሪካ የሚሞላብሽ። ስሙን በቤተሰብ ስም ሣጥን ብቻ አስገቢና «በትክክል ይህንኑ» የምትለዋን ምልክት አድርጊ። ያለዚያ ስኖውደንና ቦውደን እየጎረፉ ቁጥሩን ያበላሹታል። ከዚያ ሁለት ጊዜ ቁጠሪ፦ አንዴ በሚኖሩበት ካውንቲ፣ አንዴ በተወለዱበት ካውንቲ። የለንደን ጥያቄሽ መልስ ያለው በሁለተኛው ዐምድ ነው። ለንደን የሁሉም አገር ናት፤ ለንደን ተገኝቶ ሽሮፕሽር የተወለደውን ለሽሮፕሽር ቁጠሪለት።

ቀጥሎ ጥሬ ቁጥር ይዘሽ ካርታ አትቀቢ፤ በሕዝብ ብዛት አካፍዪ። ሽሮፕሽር ያኔ ወደ 250 ሺህ ሕዝብ ነበራት፣ የለንደንን ትልቁን ክፍል የያዘችው ሚድልሴክስ ደግሞ ወደ 2.9 ሚሊዮን። ለምሳሌ ያህል (የፕላውደን ቁጥር አይደለም) በሁለቱም 10፣ 10 ሰው ብታገኚ፣ ሽሮፕሽር ላይ በሚሊዮን 40፣ ሚድልሴክስ ላይ በሚሊዮን 3.4 ይሆናል። በጥሬው እኩል የነበረው ከ11 እጥፍ በላይ ተራራቀ።

ብርቅ ስም ላይ ደግሞ ይህም ብቻውን አይበቃም። ስምንት ልጆች ያሉት አንድ ቤት አንድን ካውንቲ በሙሉ ቀይ ያደርገዋል። ስለዚህ ነፍስ ሳይሆን ቤት ቁጠሪ። «ለቤቱ ባለቤት ያለው ዝምድና» የሚለውን ዐምድ ሳታዪ አትለፊ፤ ተማሪ፣ እንግዳ ወይም አገልጋይ ተብሎ የተጻፈው የዚያ አካባቢ ሰው ላይሆን ይችላል። ካቶሊክ ቤተሰብ ስለሆነ በተለይ ላንካሽር ላይ ያለው የካቶሊኮች አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ስቶኒኸርስት ኮሌጅ፣ እንዳያታልልሽ።

ካርታውን በእጅ መሥራት ከሰለቸሽ፣ የ1881ን ስሞች በካውንቲና ከዚያም ባነሰ ክልል የሚያሳይ የ19ኛው መቶ ዘመን የስሞች አትላስ የሚባል የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ። ያነሰውን ክልል ምረጪ፤ ካውንቲው ለእንዲህ ያለ ስም በጣም ሰፊ ነው።

ሊቀ ፊደል

አስላው «በትክክል» ያለው ለቆጠራው ልክ ነው። ግን ከዚያ በፊት የአጻጻፍ ለውጦቹን ለየብቻ ፈትሺ፤ አለበለዚያ ከቁጥሩ ይጎድላሉ። ዛሬ የቆመው አጻጻፍ ፒ-ኤል-ኦ-ደብሊው-ዲ-ኢ-ኤን ነው። በደብሊው ፈንታ ዩ፣ በመጨረሻው ኢ ፈንታ ኦ ያደረጉትን ሞክሪ። በሳውንዴክስ (ስምን በድምፁ ወደ ፊደልና ቁጥር ኮድ በሚቀይር ዘዴ) የሚፈልጉ ማውጫዎች እነዚህን አንድ ላይ ያመጣሉ፤ የሁሉም ኮድ ፒ435 ነው። ነገር ግን ጸሐፊው እንደ ማረሻ መስሎት ኦ-ዩ-ጂ-ኤች ብሎ ከጻፈው፣ ጂ የራሷን ቁጥር ስለምታስገባ ኮዱ ፒ423 ሆኖ ከመረቡ ያመልጣል። ለብቻው ፈልጊው። የሳሴክሱ ፕሌደን በተቃራኒው ፒ435 ውስጥ ይገባል፤ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነው።

በእጅ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ተጠጋግተው የተጻፉ ትልቁ ፒና ኤል ኤች ይመስላሉ። ሽሮፕሽር ውስጥ «ሃውደን» ካየሽ የገጹን ምስል ሳትከፍቺ አትመኚ።

ሌላ፦ የድሮ መዝገቦች ሽሮፕሽርን «ሳሎፕ» ይሏታል፤ በዝርዝሮች ላይ ምህጻሯ ኤስ-ኤ-ኤል ነው። ሽሮፕሽር ብለሽ ፈልገሽ ባዶ ቢወጣ ያ ነው ምክንያቱ። ከሐምሌ 1837 ወዲህ ያለውን ልደትና ሞት ፍሪቢኤምዲ በሚባለው ነፃ የምዝገባ ማውጫ ድረ ገጽ ስትፈልጊ የሊድበሪ ኖርዝ ምዝገባ ወረዳ ክላን ነው፤ ከ1852 እስከ 1946 ያለው የሽሮፕሽር ቅጽ ቁጥር «6ኤ» ይላል። በቅጹ ብቻ አትወስኚ፤ ግሎስተርሽርና ሄሪፎርድሽርም በዚያው ቅጽ ናቸው።

ወለላ

ሦስተኛው ጥያቄ ሁለት መልስ አለው፤ አንዱ ለቤተሰቡ፣ ሌላው ለዋልተር።

ለቤተሰቡ፦ የእንግሊዝ የደብር መዝገብ ከ1538 ይጀምራል፤ መዝጋቢዋ ግን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ናት። ካቶሊኮች ልጆቻቸውን በስውር በራሳቸው ካህን ያስጠምቁ ስለነበር የክርስትናው ዐምድ ባዶ ቢሆን ሰዎቹ አልነበሩም ማለት አይደለም። ጋብቻ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከመጋቢት 25 ቀን 1754 እስከ ሰኔ 1837 ድረስ ከኩዌከሮችና ከአይሁድ በቀር ማንም ሰው በመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ካልተጋባ ጋብቻው በሕግ አይጸናም ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን ካቶሊኩንም በደብሩ የጋብቻ መዝገብ ታገኚዋለሽ። ቀብርም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ክርስትና ካጣሽ በጋብቻና በቀብር ግቢ። ከ1592 ጀምሮ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አንሄድም ያሉ ሰዎች የተቀጡበት መዝገብ አለ፤ ስደቱ ራሱ ማስረጃ ትቶልናል።

ለዋልተር፦ ምናልባት የምትፈልጊው አገር ተሳስቶ ይሆናል። አባቱ ትሬቨር ቺቸሊ ፕላውደን ሕንድ ውስጥ የቤንጋል ሲቪል ሰርቪስ (የአስተዳደር አገልግሎት) ሰው ነበር። ዋልተር ነሐሴ 3 ቀን 1820 ተወለደ፣ በ19 ዓመቱ ካልካታ ውስጥ ካር፣ ታጎር እና ኩባንያ የሚባል የንግድ ድርጅት ቢሮ ገባ፤ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ነው ሱዌዝ ላይ ቤልን ያገኘው። እንዲህ ላለ ቤተሰብ የእንግሊዝን መዝገብ ብቻ መፈተሽ ግማሽ ሥራ ነው። የሕንድ ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር ቅጂ ወደ ለንደን ይላክ ነበር፤ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። የምድብ ምልክቶቹ ኤን/1 ቤንጋል፣ ኤን/2 ማድራስ፣ ኤን/3 ቦምቤይ ናቸው። ከኤን/1 ጀምሪ። ሕንድ የኖሩ እንግሊዛውያንን ቤተሰብ የሚያጠናው ማኅበር፣ የፊቢስ፣ ነፃ ማውጫ መጀመሪያ ይጠቁምሻል።

የአስላው ካርታ የማያሳየውም ይኸው ነው። በ1881 ሕንድ የነበሩት ፕላውደኖች በእንግሊዝ ቆጠራ ውስጥ የሉም። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት የሕንድን ቆጠራ በኮሚሽነርነት የመራው ራሱ ፕላውደን ነበር፤ ዊልያም ቺቸሊ ፕላውደን።

ሰሎሜ

ወለላ፣ እግዜር ይስጥሽ። አሁን የባሰ ግራ ተጋባሁ ግን። በ1868 የዋልተርን የጉዞ ማስታወሻ ያሳተመው ወንድሙ ትሬቨር ቺቸሊ ይባላል። አባትየውም ትሬቨር ቺቸሊ? «ቺቸሊ» የአያት ስም ነው?

ወለላ

አባትም ልጅም ያው ስም ናቸው፤ አልተሳሳትሽም። የእኛን አቆጣጠር ይዘን ስንገባ የምንወድቅበት ጉድጓድ ይኸ ነው። በእኛ «ዋልተር ቺቸሊ» ቢባል ቺቸሊ አባቱ ነው፤ በእነሱ ግን መካከለኛው ስም አባትም አያትም አይደለም። ቺቸሊ ከትውልድ ትውልድ እንደ ቅርንጫፍ ምልክት የተሸከሙት ስም ነው። ለአንቺ ጥቅሙ ብዙ ነው፦ ቺቸሊ ያለበትን ፕላውደን ስታገኚ የሕንዱን ቅርንጫፍ አስቀድመሽ ጠርጥሪ። ግን ዝምድናን በስም ብቻ አትቁረጪ። ማስታወሻ ስትይዢ ከስሙ ጎን ሁልጊዜ የልደት ዓመት ጻፊ፤ አለዚያ ሁለቱ ትሬቨሮች አንድ ሰው ይሆኑብሻል።

ታዛቢ

የአሜሪካው ነገር ሳይመለስ ቀረ። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ፕላውደን የመጀመሪያ ስምም ሆኖ ያገለግላል፤ በደቡብ ካሮላይና የታወቀው የሩዝ እርሻ ባለቤት ፕላውደን ዌስተን የቤተሰብ ስሙ ዌስተን ነው። ስሙን በየትኛውም ሣጥን የሚፈልግ ማሽን እሱንም ይቆጥራል። ሁለተኛ፣ በደቡብ ግዛቶች በ1865 ነፃ የወጡ ሰዎች የያዙት የቤተሰብ ስም ብዙ ጊዜ የባለርስቶች ስም ነው፤ ስለዚህ እዚያ ስም አንድ ሆነ ማለት ዘር አንድ ሆነ ማለት አይደለም። ነፃ የወጡት ሁሉ በየስማቸው የተመዘገቡበት የመጀመሪያው የአሜሪካ ቆጠራ የ1870 ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሌላ ዓይነት ፍለጋ ይጠይቃል።

ደግሞም ጋሽ መዝገቡ፣ «ቤተሰቡ» በአንድ ቁጥር ሲሉ ትንሽ ይጠንቀቁ። ከትንሽ መንደር የወጣ ስም ስለሆነ መነሻው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከዚያች መንደር ወጥቶ ሌላ ከተማ የገባ ገበሬም «የፕላውደኑ» ይባል ነበር።

መዝገቡ

ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። የመንደሩ ባላባትና ጭሰኛው አንድ ስም ሊይዙ ይችላሉ። የሚለየው ወረቀት ካለቀ በኋላ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞሶም ዲኤንኤ ምርመራ ነው። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2009 ባወጡት ጥናት 40 የብሪታንያ ስሞችን፣ 1,678 ወንዶችን መርምረው፣ ስሙ ብርቅ በሆነ ቁጥር ተሸካሚዎቹ ከአንድ አባት የመውረዳቸው ዕድል እንደሚጨምር አሳይተዋል። እንደ ስሚዝ ያለው ስም ላይ ግን ምንም አይነግርሽም። ከተመረመረ ቅርብ ዘመዳሞች ሳይሆኑ በወረቀት እጅግ የተራራቁ ቢያንስ ሁለት ወንዶች ያስፈልጋሉ፤ የአጎት ልጆችን መርምሮ «ተመሳሰሉ» ማለት ገንዘብ ማባከን ነው። ለሰሎሜ ጽሑፍ ግን ይህ አያስፈልግም።

ሰሎሜ

«የጨዋታ ሸለቆ» ብዬ አርሜዋለሁ፣ አክራንም «በትውፊት» አልኩት። የመጨረሻ አንድ ነገር፦ ቆንስልነቱን የሚመለከተው ደብዳቤ የት ነው ያለው?

ወለላ

ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ምድብ ኤፍ ኦ 1። ያ ምድብ ሙሉ በሙሉ የአቢሲንያ ደብዳቤ ነው። በካታሎጉ ላይ በሰው ስም ብቻ አትፈልጊ፤ ምድቡን ከፍተሽ ከ1848 እስከ 1860 ያሉትን ጥራዞች በዓመት አውጪና የጥራዝ ቁጥሮቹን ሳትሄጂ አስቀድመሽ እዘዢ።